ጥበቃው የማን ሠራተኛ ነው?

ሰሞኑን ፍኖተ ሰላም አንድ ባንክ ስገባ በር ላይ የፈተሸኝ ገበዝ ማርያም ያስተማርሁት ልጅ ነው። «ቲቸር፣ እጅ ወደ ላይ!» ብሎ አሳቀኝ። «ባንክ ገባህ፣ እንኳን ደስ አለህ» አልሁት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ የባንኩ አይደለሁም፤ የኤጀንሲ ነኝ» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባንኩ ለጥበቃና ለጽዳት ጨረታ ያወጣል። ትንሽ ዋጋ ያቀረበው ኤጀንሲ ያሸንፋል። ኤጀንሲው ድርሻውን ቆርጦ የተረፈውን ለልጁ ይሰጣል። ውድድሩ በማን ጉሮሮ ላይ ነው? በልጁ ነዋ! ቦነስ ሲከፈል፣ የቤት ብድር ሲፈቀድ ገንዘብ ቆጣሪው ያገኛል፤ ገንዘቡን ሌሊት የሚጠብቀው ግን «የኛ አይደለም» ይባላል።

ኤጀንሲ ይዘጋ አልልም፤ የብዙ ልጅ እንጀራ ነው። ግን ወለል ይኑረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝን እያጠና የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ከደነገገ ዓመታት አለፉ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን ወለሉ ዛሬም የለም። ወለል ከሌለ ጨረታው ድሃን በርካሽ የማቅረብ ውድድር ነው።

ባንክ የምትሠሩ ተማሪዎቼ፣ በሩ ላይ የቆመው የክፍል ጓደኛችሁ ነው። ስብሰባ ላይ አንሡለት እንጂ!