ድንቻችንን ያጠወለገው የሰው ዓይን አይደለም

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

እንደሚታወቀው በ2017 ዓ.ም. ክረምት በየጓሯችን የተተከለው ድንች ብዙው ገና ሳያብብ ጠውልጎ ቀርቷል። ጠዋት ለምለም የነበረው ቀን ላይ አንገቱን ይደፋል፤ ውሎ አድሮ ይሞታል። ያኔ የተወራው ወሬ ግን ከጠፋው ድንች የባሰ ነው። «እገሊት በአጥር አሾልቃ አይታብን ነው» ተባለ። በዚህ የተነሳ ቡና መጠራራት ያቆሙ ጎረቤታሞች አሉ። ኧረ ተዉ ጎበዝ! ዓይን ድንች አያጠወልግም።

ይሄ አጠውልግ የሚባል፣ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። የተጠራጠረ ሰው የጠወለገውን ግንድ ከሥሩ አካባቢ ቆርጦ ጫፉን ንጹሕ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ይንከር። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወተት የመሰለ ክር ወደ ታች ሲወርድ ያያል። ቡዳ በብርጭቆ አይታይም፤ ይሄ ግን ይታያል።

በሽታውን ወደ ጓሮ የሚያስገባው የሰው እጅ ነው። አንደኛው መንገድ ዘር ነው። ለወጥ የተገዛውን፣ ከየት እንደ መጣ የማይታወቀውን ድንች «አቆጥቁጧል» ብሎ መትከል በሽታን በገንዘብ ገዝቶ መቅበር ነው። ላይ ላዩን ደህና የሚመስል ድንች በሽታውን በውስጡ ይዞ ይቆያል። ሁለተኛው ቦይ ነው። የጠወለገውን ነቅሎ ቦይ ውስጥ የሚጥል ሰው በሽታውን በጎርፍ ጭኖ ለታችኛው ጎረቤት ይልካል። «በጓሮዬ ማን አገባው?» የሚለን አለ። ከታች ያሉት እኮ ልጆቻቸውን የሚያበሉት ከዚያችው ጓሮ ነው! እንዴት አያገባቸውም?

«አባቶቻችን የተመረጠ ዘር ሳይሉ ኖረዋል» የሚሉም አሉ። ድንች እኮ እንደ ጤፍ የጥንት አይደለም። ወደ አገራችን ያመጣው ሺምፐር የሚባል ጀርመናዊ ነው፤ ያውም በ1858 እ.ኤ.አ.። ስለዚህ አያያዙን መማር የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ለዚህ በሽታ የሚያድን የሚረጭ መድኃኒት የለም። አለኝ የሚል ሻጭ ቢመጣ ገንዘባችሁን አትስጡት። መፍትሔው የሚከተለው ነው፤

1ኛ/ ዘር ከታወቀና ከንጹሕ ማሳ ይምጣ። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ያወጣቸው ጉደኔና በለጠ ጥሩ ዝርያዎች ናቸው፤ ነገር ግን ስሙ ብቻውን አያድንም፤ የተበከለ ከሆነ በለጠም ይጠወልጋል።

2ኛ/ የእንቁላል መጠን ያለው ድንች ሙሉውን ይተከል። አንዱን የታመመ የቆረጠ ቢላዋ ሌላውን ይበክላል። ዶማም ከጓሮ ጓሮ ሲዋዋሱት ታጥቦ ይሁን።

3ኛ/ የጠወለገው ከነሥሩና ከነአፈሩ ወጥቶ ከቦይ ርቆ በጥልቅ ጉድጓድ ይቀበር። ፍግ ላይም አይጣል።

4ኛ/ በሽታው በታየበት መደብ ላይ ለጥቂት ዓመታት ድንች፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ አይተከል፤ ሁሉንም ይይዛቸዋልና። በምትኩ ሽንኩርት፣ ጎመን ወይም በቆሎ ይሁን።

ሳይቃጠል በቅጠል ነው። አንድ ቤት ተጠንቅቆ ሌላው ካልተጠነቀቀ ጎርፉ አጥር አያውቅም። ዘር በጋራ ለመግዛት የምትፈልጉ ሁሉ እስከ ግንቦት 15 ቀን በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየቀረባችሁ ተመዝገቡ።

የማኅበሩ ጸሐፊ