እንግዳው ማነው?

መንግሥታችን የውጭ እንግዳ በመጣ ቁጥር የሚመዛት ታሪክ አለችው፦ የነቢዩ ሙሐመድን ስደተኛ ተከታዮች ያስጠለለው የአክሱም ንጉሥ፣ ነጃሺ። እኛም እንኮራባታለን። ግን ልብ በሉ! በዚህ አተራረክ ሙስሊሙ ሁሌም እንግዳ፣ ክርስቲያኑ ሁሌም ባለቤት ነው። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ኦርቶዶክስን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ሲያደርግ፣ ሙስሊሙ «በኢትዮጵያ የሚኖር» ይባል ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሰልፍ የወጡት «ኢትዮጵያዊ ሙስሊም» ለመባልና በዓላቸው በሕግ እንዲከበር ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ ጦርነት የነጃሺ መስጊድ ራሱ ተመታ። ታሪኳ ግን ዛሬም ለውጭ ገበያ ትቀርባለች። ስለዚህ ስለ መቻቻል አትስበኩን። ቻል አድርገው የሚያሳልፉት እንግዳን ነው። ዜጋ ግን መብቱ ይከበርለታል!