ሞክሼ ፊደላትና የኮምፒዩተር ተራ

ሞክሼ ፊደላት ይጣሉ የሚሉ ሰዎች በዚህ ዘመን አዲስ ምስክር አግኝተናል ይላሉ፤ ምስክራቸውም ኮምፒዩተር ነው። «ስም በተራ ሲያሰልፍ አንዱን ስም በሦስት ስፍራ ይበትነዋል፤ ስለዚህ ከሀ፥ ከሐና ከኀ አንዱ ይብቃን» ይሉናል። ያዩት ነገር እውነት ነው፤ የሰጡት ፍርድ ግን ጠማማ ነው።

ኮምፒዩተር ፊደል አያነብም፤ ቍጥር ያነጻጽራል እንጂ። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችንን በተቀበለ ጊዜ ለሃሌታው ሀ 4608፥ ለሐመሩ ሐ 4624፥ ለብዙኃኑ ኀ 4736 ቍጥር ሰጠ። ሌላ ሥርዐት ካልታዘዘለት መኪናው በዚሁ ይሄዳልና፥ ሃይሉ ከለማ በፊት፥ ሐይሉ ከለማ በኋላ፥ ኃይሉ ደግሞ ቸርነትን አልፎ ከነጋ በፊት ይገኛል። የልጁን ስም በክርስትና መዝገብ በተራው የሚፈልግ አባት አጥቶት ይመለሳል።

ነገር ግን ይህ የማን ጥፋት ነው? ኀይል በብዙኃኑ ኀ መጻፍ ሲገባው ጸሓፊው በወደደው ጻፈው፤ መዝገቡን በመኪና ያሰናዳውም ሰው ሊቅ አልጠየቀም። ሁለቱ ነጻ ወጥተው ፊደሉ ይሰቀል ማለት ምን ዐይነት ዳኝነት ነው?

ሁለት ነጥብ በራሱ ላይ ያለበትን የላቲን «ኤ» ጀርመኖች በመዝገበ ቃላታቸው ከተራው «ኤ» ጋራ ያኖሩታል፤ ስዊድኖች ግን ከ«ዜድ» በኋላ ያሰልፉታል። ፊደሉ አንድ፥ ቍጥሩም አንድ ሲሆን፥ ኮምፒዩተር ለሁለቱም እንደየልማዳቸው ይታዘዛል። ለጀርመኑ በመጀመሪያው ሚዛን ሁለቱን እንደ አንድ ይቈጥራቸዋል፤ ቃሎቹ በሌላው ሁሉ እኩል የሆኑ እንደ ሆነ ብቻ በሁለተኛው ሚዛን ይለያቸዋል። ለሦስቱ ሀ፥ ለንጉሡ ሠና ለእሳቱ ሰ፥ ለአልፋው አና ለዐይኑ ዐ፥ ለጸሎቱ ጸና ለፀሐዩ ፀ ይህንኑ ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ ሃይሉና ኃይሉ ጐን ለጐን ይቆማሉ፤ ከፊደሉም አንዲት አትጐድልም።

የተጣሉ እንደ ሆነ ግን ድኅነትና ድህነት አንድ ይሆናሉ። ሠረቀ ማለት ወጣ፥ በራ ማለት ነው፤ ሰረቀ ግን የሌባ ሥራ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ፀሐይን በየማለዳው ሌባ ሊያደርጉብን ነው። ሰኣሊ የሚለምን፥ ሠዓሊ ግን በቀለም የሚሥል ነው። (በዐማርኛ ድምፁ አንድ ነው የሚል ቢኖር፥ ጽሕፈት ለዐይን ጭምር መሠራቱን ረስቷል።)

በእውነት የሚያከራክረው ተራው ራሱ ነው። ዲልማን እ.ኤ.አ. በ1865 ባሳተመው የግእዝ መዝገበ ቃላት ሀለሐመን ተከተለ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መጽሐፋቸው አበገደን አስቀደሙ፤ ደስታ ተክለ ወልድም በዐማርኛው መዝገበ ቃላት እርሳቸውን ተከተሉ። የዩኒኮድ ቍጥር በሀለሐመ ይሄዳል፤ ሆኖም አበገደን የሚወድ የራሱን ሰንጠረዥ ጽፎ ለመኪናው ሊሰጥ ይችላል። ሞክሼዎቹን ለመሻር የሚደክሙት ሰዎች ጕልበታቸውን በዚህ ሰንጠረዥ ላይ ያውሉት፤ የሚፈጅባቸው ጥቂት ገጽ ወረቀት ነው።