ሕዝብ ወዶ የበላይ ቢሾምስ?

ዜጎች በገዛ ድምፃቸው ከእኩልነት ይልቅ የበላይና የበታች ያለበትን ሥርዓት ቢመርጡ ምርጫቸው ይከበር? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ይከበር

በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ መካከል የምትገኘው ሊክተንስታይን የሕዝቧ ቁጥር 40,000 ገደማ ነው። መጋቢት 2003 እ.ኤ.አ. መስፍኗ ዳግማዊ ሃንስ አዳም ሥልጣናቸውን የሚያጠናክር ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ አቀረቡ። መንግሥትን መሻር፣ በዳኞች አመራረጥ ላይ ወሳኝ ቃል ማግኘት፣ ሕግን የመጣል መብታቸውን ማጽናት፤ የጠየቁት ይህን ነበር። 64.3 ከመቶው «ይሁን» አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዳንድ ዜጎች፣ ቢያንስ ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀውን ሕግ መስፍኑ እንዳይሽሩ የሚል ሐሳብ አመጡ። 76.1 ከመቶው አልተቀበለውም።

እኛ ዘንድ የተለመደ ማብራሪያ አለ፦ ሰው የበላይ የሚፈልገው ስላልተማረ፣ ስለተራበ ወይም ስለፈራ ነው ይባላል። ሊክተንስታይን ግን በነፍስ ወከፍ ገቢ ከዓለም ግንባር ቀደም አገሮች አንዷ ናት። ሠራዊቷን የበተነችው በ1868 እ.ኤ.አ. ስለሆነ በምርጫ ጣቢያው በር ላይ ጠብመንጃ የያዘ ወታደር አልነበረም። በ2003ቱ ውሳኔ ከመራጩ ከ87 ከመቶ በላይ ድምፅ ሰጥቷል። የቤተ መስፍኑ ወጪም የሚሸፈነው በአብዛኛው ከራሱ ሀብት እንጂ ከግብር ከፋዩ ኪስ አይደለም። ያው ሕገ መንግሥት ሕዝቡ ዘውዱን በድምፅ የሚያስወግድበትን መንገድ ጭምር ደንግጓል፤ ጉዳዩን ለማስነሳት 1,500 ፊርማ ይበቃል። በሩ ክፍት ነው፤ ሊወጣበት የፈለገ ግን አልተገኘም።

እነዚህ ሰዎች የመረጡት፣ ፓርቲዎች ሲጣሉ ከሁሉም በላይ የሚቆምና ለሚቀጥለው ምርጫ የማይጨነቅ ዳኛ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህ ፍላጎት ለእኛም እንግዳ አይደለም። የአገራችን ሰው ንጉሥ ሲናፍቅ «ኋላ ቀር» እንለዋለን፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናፍቀው ግን ፍርድ ነው። በ2007 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲና አጋሮቹ 547ቱንም የፓርላማ መቀመጫ ሲወስዱ አይቶ «ምርጫ ምን ያደርግልኛል?» ያለ ሰው ዴሞክራሲን ጠልቶ አይደለም፤ ቆጥሮ ነው።

በሰው ክብር ላይ ድምፅ አይሰጥም

አያቴ ቤት ሸክላ ሠሪዋ ስትመጣ የምትቀመጠው ደጅ ነበር። ምጣዱን፣ ድስቱን፣ ጀበናውን ከጀርባዋ አውርዳ ግድግዳው ጥግ ትደረድራለች። አያቴ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እህሉን ከዋጋው አብልጣ ትሰፍርላት ነበር። ቡናውን ግን የምትሰጣት በተለየ ስኒ ነው፤ ጠርዙ የተሸረፈ፣ ከበሩ ኋላ ለብቻው የሚቀመጥ። እኛ ልጆቹ ስኒውን እንዳንነካ፣ ዓይኗንም እንዳናይ እንመከር ነበር፤ «ቡዳ ናት» ተብለን። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል «እማማ፣ ግቢ እንጂ» አልኳት። ደንግጣ ቀና አለችና «ተይ ልጄ፣ የኔ ቦታ ይሄ ነው» አለችኝ።

በዚያ መንደር ሕዝበ ውሳኔ ቢካሄድ ኖሮ ውጤቱ 64.3 ከመቶ አይሆንም ነበር፤ ሁሉም እጁን ያወጣ ነበር። እሷም ጭምር። እኚህ ጸሐፊ ይህን ውጤት አይተው «ምርጫዋ ይከበር» ሊሉ ነው?

ይህ የአንድ መንደር ነገር አይደለም። በካፋ ማንጆዎች ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀርቡ፣ የሰው ቤት እንዳይገቡ ተደርገው ኖረዋል። በብዙ የአገራችን ክፍሎች ገበሬው ማረሻውን ለሚቀጠቅጥለት ሰው ልጁን አይድርለትም። ሰዎች ይህን ሥርዓት የሚወዱት ከላያቸው ባለው ጌታ ፍርድ ስለተማረኩ አይመስለኝም። ከታቻቸው ሰው ስላለ ነው። ግማሽ ምርቱን ለባለመሬት የሚያስረክብ ጭሰኛ እንኳ «ቢያንስ ፋቂ አይደለሁም» ብሎ ይጽናና ነበር። እኩልነት ሲመጣ ያችን መጽናኛውን ያጣል፤ ስለዚህ ከጌታው ጋር አብሮ ይሟገታል። ይህን ስናገር አዝናለሁ፤ የማወራው ስለምወዳቸው ዘመዶቼ ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ራሱ ሊያርስ የሚሻ ማንኛውም ሰው የጾታ ልዩነት ሳይደረግ መሬት እንዲያገኝ ደነገገ። ማንም መንደሩን «ትስማማላችሁ ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። ተጠይቆ ቢሆን ለሸክላ ሠሪዋ አንዲት ጥማድ የሚፈቅድላት አልነበረም።

ያቺ የተወደሰች ትንሽ አገርም በ1971 እና በ1973 እ.ኤ.አ. ወንዶቿን «ሴቶች ድምፅ ይስጡ ወይ?» ብላ ጠይቃ ሁለት ጊዜ «አይሆንም» ብለዋል። ያኔም በር ላይ ወታደር አልነበረም።

የመጀመሪያው ጸሐፊ መልስ

የስኒው ታሪክ እውነት ነው፤ አልከራከርበትም። ያስቆጣኝ «ማንም መንደሩን አልጠየቀም» የሚለው ነገር እንደ በጎ ሥራ መነገሩ ነው። መንደሩን ሳይጠይቅ መሬት ያከፋፈለው ያው ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከሰሜን እያነሳ በአብዛኛው ወደ ደቡብና ምዕራብ አሰፈረ፤ ብዙዎቹን ፈቃዳቸውን አልጠየቀም። ሳይጠይቅ የሚሰጥ እጅ ሳይጠይቅም ይወስዳል። የሊክተንስታይን ሴቶችም ቢሆኑ በ1984 እ.ኤ.አ. መብታቸውን ያገኙት በእነዚያው ወንዶች ድምፅ ነው፤ በ51.3 ከመቶ። ዘግይቷል። ነገር ግን የአንድም ሰው ደም አልፈሰሰም፤ ከዚያ ወዲህም ማንም አልነጠቃቸውም።

የሁለተኛዋ ጸሐፊ መልስ

«ዘግይቷል» ማለት ላልጠበቀ ሰው ቀላል ነው። ከ1971 እስከ 1984 ባለው ጊዜ የሞተች የዚያ አገር ሴት ሰው መሆኗ ሳይመዘገብላት ነው የሞተችው። መስፍኑም ከ2003ቱ ድምፅ በፊት «ካልተስማማችሁ ወደ ቪየና እሄዳለሁ» ብሎ ነበር፤ ያን ለምን እንዳልጠቀሱት አላውቅም።

ስለ ደርግ ጭካኔ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም፤ ኖሬበታለሁ። እኚህ ጸሐፊ ግን ንጉሥ የሚናፍቀው ሰው የሚናፍቀው ፍርድ ነው ይላሉ። የማን ፍርድ? በልጅነቴ የማውቃቸው ቀጥቃጮችና ፋቂዎች ከባለርስት ጋር ተካሰው ሲረቱ አንድም ቀን አልሰማሁም።