የገና ጌጥ፣ ዛፍ በማይቆምበት ቤት

መቼም ገና ሲቃረብ ወደዚህ አምድ የሚመጡት ደብዳቤዎች መልካቸውን ይቀይራሉ። "ተወኝ... ከዳችኝ..." የሚለው የፍቅር ጣጣ ለጊዜው ጋብ ይልና "ኪሴ ባዶ ነው፣ ለቤተሰቤ ምን ላድርግ?" የሚለው ይበዛል። ዛሬ የምናስነብባችሁ ደብዳቤ ግን ከኪስ ጉዳይ ያለፈ ነው። ጸሐፊዋ ስሟም ሰፈሯም እንዳይጠቀስ አደራ ብላለች። የ22 ዓመት ወጣት ናት። አሳጥረን እነሆ፦

"...አባዬ ካረፈ ስምንት ወሩ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር። በየዓመቱ ለገና ጥድ አምጥቶ የሚያቆመው፣ የተበላሸውን መብራት የሚቀጣጥለው እሱ ነበር። ዘንድሮ እማዬ 'በዚህ ቤት ዛፍ የሚባል ነገር እንዳላይ!' ብላ ቁርጡን ነግራናለች። አሁንም ጥቁር እንደለበሰች ነች። ትንሹ ወንድሜ ገና 9 ዓመቱ ስለሆነ 'ዛፍ መቼ ነው የምናቆመው?' እያለ ይነዘንዘኛል። ታላቅ እህቴ ቤይሩት ነው ያለችው፤ ለቀብሩ እንኳን አልደረሰችም። የአባዬ እናትም እኛው ጋ ነው የምትኖረው፣ ዓይኗ ደክሟል። እኔ ሥራ ስላልያዝኩ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም። ስለዚህ ለእያንዳንዳቸው በእጄ የገና ጌጥ ልሠራ አሰብኩ። ለእማዬ ከአባዬ ኮት ላይ ቆርጬ በጨርቁ ልብ ልሠራላት ብዬ መቀስ ካነሳሁ በኋላ ግን ፈራሁ። ጓደኞቼ ደግሞ 'በእጅ የተሠራ ጌጥ? አንቺ ደግሞ ፋራ ነሽ!' ብለው ሳቁብኝ። ምን ትመክሩኛላችሁ?"

እህታችን፣ ከሁሉ በፊት የአባትሽን ነፍስ ይማር። ለመላው ቤተሰብም መጽናናቱን ይስጣችሁ። ከዚያ ቀጥሎ የምንልሽ... መቀሱን አስቀምጪው! መፍራትሽ ትክክል ነው።

ኮቱ የማን ነው?

ኮቱን የለበሱት አባትሽ ቢሆኑም ዛሬ ባለቤቱ እናትሽ ናቸው። ማንም በሌለበት ሰዓት ቁም ሳጥኑን ከፍተው የሚያሸቱት ያንኑ ኮት ሊሆን ይችላል፤ አንቺ በምን ታውቂያለሽ? ጨርቅ ደግሞ አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። "ሰርፕራይዝ ላድርጋት" ተብሎ በጓሮ የተቆረጠ ኮት በበዓሉ ማግስት እናትና ልጅን ሊያኳርፍ ይችላል። ኀዘን ባለበት ቤት ሰርፕራይዝ ይቅር።

ስለዚህ ጠይቂያቸው። ቡናው አልቆ፣ ጎረቤቱ ወደየቤቱ ሄዶ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትቀሩ እንዲህ በያቸው፦ "እማዬ፣ ዛፍ አላቆምም፤ እንዳልሽው ይሁን። ግን በአባዬ የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ካለው ብጣሽ ጨርቅና ቁልፍ ትንሽ ትሰጪኛለሽ? ለሁላችንም አንድ አንድ ነገር ልሠራ ነው።"

በቃ፣ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። "አልሰጥም" ካሉ "እሺ" ብለሽ ተይው፤ በሌላ ቀንም አትነዝንዣቸው። ካለቀሱ "አይዞሽ፣ በቃ፣ አታልቅሺ" ለማለት አትቸኩዪ። አጠገባቸው ዝም ብለሽ ተቀመጪ። ምናልባትም ራሳቸው ተነስተው መሳቢያውን ይከፍቱልሽና ይሄ ቁልፍ ከማን ካፖርት የተረፈ እንደሆነ፣ ያኛው ጨርቅ የየትኛው ሙሽራ ሱፍ እንደነበረ ያጫውቱሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ሥራሽን ትተሽ አድምጪ። ነገ ጌጡን ሲያዩት የሚያስታውሱት ያንን ወግ ነው።

በዛፉ ጉዳይም አትሟገቻቸው። ገና ከህዳር 15 ጀምሮ በሚጾመው ጾመ ነቢያት፣ በሌሊቱ ቅዳሴና በአብሮ መፈሰኩ ገና ነው። ዛፉ የከተማ ቤት ልማድ ሆኖ የመጣው ዘግይቶ ነው። ጌጥ ደግሞ የግድ ዛፍ አይፈልግም። ከመስኮት ብረት፣ ከግድግዳ ፎቶ ጥግ፣ ከአልጋ ራስጌ ላይ ይንጠለጠላል። ለትንሹ ወንድምሽም "ዘንድሮ ዛፍ የለም፣ ጌጥ ግን እንሠራለን፤ አንተ ረዳቴ ነህ" ብለሽ ሥራ ስጪው። ልጅ የሚነዘንዘው አብዛኛውን ጊዜ የሚያደርገው ነገር ሲያጣ ነው።

ፋራው ማነው?

የጓደኞችሽ ሳቅ ብዙም አያስጨንቅሽ። እነሱ ከሱቅ የሚገዟት አንጸባራቂ ኳስ ራሷ የእጅ ሥራ ልጅ ናት! በጀርመን አገር ላውሻ በምትባል የብርጭቆ ሠራተኞች ከተማ፣ በ19ኛው መቶ ዓመት፣ እንዲህ ዓይነቷን ኳስ ቤተሰብ በየቤቱ ተቀምጦ ነበር የሚሠራት። አንዱ ብርጭቆውን በእሳት እያለዘበ ይነፋል፣ ሴቶችና ልጆች ደግሞ ያስጌጣሉ። ጀርመኖች እስከ ዛሬም ከገለባ ኮከብ እየሠሩ ዛፋቸው ላይ ይሰቅላሉ፤ ገለባው ጌታ የተኛበትን ግርግም ያስታውሳል ይላሉ። እና ገለባ ያላሳፈራቸው ሰዎች ባሉበት ዓለም፣ አንቺ በአባትሽ ብጣሽ ጨርቅ ልታፍሪ ነው እንዴ?

ለእያንዳንዱ ከራሱ ነገር

አንድ መመሪያ ያዢ። ለእያንዳንዱ ሰው ከራሱ ኑሮ የተገኘ አንድ ነገር ጌጡ ውስጥ ይግባ። ከብልጭልጭ ወረቀት የተቆረጠ ልብ ለማንም ሊሰጥ ይችላል። የአንቺ ግን "ይሄ የእኔ ነው፣ ለሌላ ሰው አይሆንም" የሚያሰኝ መሆን አለበት።

ለእናትሽ፦ ክሩ ያለቀ የክር መጠቅለያ ፈልጊ። በመሃሉ ባለው ቀዳዳ ጠንካራ ክር አሳልፊና ከታች ጫፉ ላይ እንዳያመልጥ አንድ ቁልፍ እሰሪበት። ከዚያ ብጣሽ ጨርቆቹን አንድ ሳንቲ ሜትር በሚሆን ስፋት እየቀደድሽ መጠቅለያው ላይ ጠምጥሚ። ሁለት ወይም ሦስት ዓይነት ጨርቅ ይበቃል፣ አታብዢው። የመጨረሻውን ጫፍ በመርፌ ወጋ ወጋ አድርገሽ ያዢው። ከመጠምጠምሽ በፊት በትንሽ ወረቀት ላይ ስለ አባትሽ የምታስታውሺውን አንድ ነገር ጽፈሽ፣ ወረቀቱን ጠቅልለሽ በቀዳዳው ውስጥ ክተቺው። እናትሽ አውጥተው ማንበብ አለማንበብ የእሳቸው ፋንታ ነው።

ለወንድምሽ፦ የጨው ሊጥ። 2 ብርጭቆ ፉርኖ ዱቄት፣ 1 ብርጭቆ የተፈጨ ጨው፣ 1 ብርጭቆ የማይሞላ ውሃ። ውሃውን ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ እጅ ላይ መጣበቁን እስኪተው ድረስ እሹት። በጠርሙስ ዳምጡት፤ ውፍረቱ ከግማሽ ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። በሻይ ብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡና ሳይደርቅ በስትሮ ማንጠልጠያ ቀዳዳ አብጁለት።

ኮቱ እዚህ ላይ ይመጣል፤ አሁንም እናትሽ ከፈቀዱ ብቻ። ሊጡ ላይ ስስ ፌስታል ጣል አድርጉና የኮቱን ቁልፍ ከነኮቱ ጫን አድርጉት። ቁልፉ ሳይበጠስ፣ ጨርቁ ሳይነካ፣ ቅርጹ ሊጡ ላይ ይቀራል። ፌስታሉ ጨዉና እርጥበቱ ኮቱ ላይ እንዳይደርስ ነው። ከቁልፉ ምልክት አጠገብ ወንድምሽ አውራ ጣቱን ያትም። ከጀርባው በመርፌ ጫፍ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉ። ልጁ አድጎ ጣቱን ከዚያች አሻራ ጋር የሚያስተያይበት ቀን ይመጣል።

ሊጡን እሳት ላይ አታድርቁት፤ ከበዛበት አረፋ አውጥቶ ይሰነጠቃል። የታኅሣሥ ፀሐይ ይበቃዋል፤ እያገላበጣችሁ ሦስት አራት ቀን። ማታ ማታ ወደ ቤት አስገቡት። በደንብ ሲደርቅ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ብትቀቡት እርጥበት በቶሎ አያገኘውም። እንቁላልም ቅቤም ስለሌለበት በጾም ሊጥ ተነካ ብሎ የሚቆጣ አይኖርም!

ለአያትሽ፦ እስቲ ቆም በይ። ሰው ሁሉ "እናቷ... ልጆቹ..." ሲል፣ ልጃቸውን የቀበሩትን አያትሽን ማን አሰባቸው? እሳቸው ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ የሚታይ ጌጥ ብዙ አይጠቅማቸውም። በእጅ የሚዳሰስና የሚሸት ሥሪላቸው። ከልጃቸው ብጣሽ ጨርቆች ሻካራውንና ለስላሳውን መርጠሽ፣ አንዱን ፊት ከሱፍ፣ ሌላውን ከካኪ አድርገሽ የመዳፍ ግማሽ የምታህል ከረጢት ስፊ። ውስጧ ቅርንፉድ፣ ሰባበር የተደረገ ቀረፋና ጥቂት ዕጣን ጨምረሽ አፏን ዝጊ። ከራስጌያቸው ስትሰቅይው እጃቸውን ይዘሽ አስነኪያቸውና "አባዬ የሚሰፋው ጨርቅ ነው" በያቸው። የቀረውን ጣታቸው ያውቀዋል።

ለእህትሽ፦ የእሷ ጌጥ ፖስታ ውስጥ የሚገባ፣ ጠፍጣፋና ቀላል ይሁን። በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ መስቀያ ቦታ ላይኖራት ይችላል። ስለዚህ ቦርሳ ውስጥ ሊቀመጥ የሚችል አድርጊው። ከካርቶን 8 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ኮከብ ቁረጪ። ከጥግ ወደ ጥግ በፈትል ጠምጥሚው፤ በጥርሶቹ መሃል ያለው ገባ ያለ ቦታ ፈትሉን ይይዘዋል። እናትሽ የፈተሉት ካለ ከእሱ አድርጊው። አንዱን ገጽ ባዶ ትተሽ ነጭ ወረቀት ለጥፊበትና ሁላችሁም በየእጃችሁ ጽሑፍ አንድ አንድ ቃል ጻፉላት። አያትሽ በጣታቸው ያትሙ። በስልክ የሰማችው ድምፅ ያልፋል፣ የእናትን የእጅ ጽሑፍ ግን ደጋግማ ታየዋለች። አንድ ነገር ተጠንቀቂ፦ ስንደዶ፣ ቅጠል፣ ዘር የመሳሰለውን አትላኪላት። የዕፅዋት ነገር ሲገባ የሚያግዱ አገሮች አሉ። እዚያ ቤተ ክርስቲያኑ በአብዛኛው ገናን የሚያከብረው ታኅሣሥ 16 ነው። የእኛ ሲደርስ የእነሱ ካለፈ 13 ቀን ሆኖታል። ኮከቧ ለታኅሣሥ 29 ብትደርስላት፣ ቢያንስ አንድ ነገር "ዛሬ ገና ነው" ይላታል።

ለሌሎቻችሁም...

ኀዘን የሌለባችሁ አንባብያን ከዚሁ መመሪያ የየራሳችሁን ማውጣት ትችላላችሁ። እናታችሁ ስፌት የሚሰፉ ከሆነ አክርማና ወስፌውን ይዛችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉና የብርጭቆ አፍ የምታህል ክብ ሰፌድ በእጃችሁ ስፉ። ብትጣመም ምን አለ? ጠማማዋ የልጃቸው መሆኗን ያውቃሉ። ቆርኪ ውስጥ ጉርድ ፎቶ ለጥፎ ዙሪያውን በጥልፍ ክር ማስዋብም ቀላል ነው። ታዲያ ዋናውን ፎቶ ሳይሆን ኮፒውን ቁረጡ። ቀለሙ በኮላ እንዳይጨማለቅም በደንብ ይድረቅ።

ዛፍ የምታቆሙ ደግሞ ጥጡን ነገር አደራ! በረዶ ለማስመሰል የሚበተነው ጥጥ በእሳት ፍጥነት ወደር የለውም። ጥጥ ባለበት ዛፍ ላይ ሻማ አይበራም። ሽቦው የተላጠ መብራትም አይሰካም። የጨው ሊጥ ጌጦችን ውሻና ሕፃን በማይደርስበት ስቀሉ፤ ያን ሁሉ ጨው መብላት አደገኛ ነው።

መቼ ይጀመር?

እህታችን፣ መጀመሪያ የቤይሩቱን ጨርሺ፤ የሚሄድ ሰው እስኪገኝ ጊዜ ይወስዳል። ሊጡን ከበዓሉ አሥር ቀን አስቀድማችሁ ሥሩ፤ ቢሰነጠቅ ለመድገም ጊዜ ይኖራችኋል። (የዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 መዋሉን ሌሎቻችሁም አትርሱ።) የእናትሽን መጨረሻ ላይ፣ ረጋ ብለሽ ሥሪ። ስትሰጪያቸው እንግዳ ፊት አይሁን። ለቅሶ ሊመጣባቸው ይችላልና ብቻቸውን ሲሆኑ ስጪያቸው። "ወደድሽው?" ብለሽም አትጠይቂ። በዚያኑ ቀን ባይሰቅሉት አይክፋሽ። መሳቢያ ውስጥ ቢያስቀምጡት እንኳ ያስቀመጡት ከአባትሽ ዕቃ ጋር ነው።

ቀጥሎ ምን እንደሆነ ብትጽፊልን ደስ ይለናል። ለሁላችሁም መልካም የገና በዓል!