ለጀርባ ቀዶ ጥገና እንዴት እንዘጋጅ?

በዚህ ወር የጤና ዓምዳችን የምንነጋገርበት ጉዳይ በዕድሜ የገፉ አባቶቻችንንና እናቶቻችንን የሚያስጨንቀው የአከርካሪ ቱቦ መጥበብ ነው።

በአከርካሪ አጥንቶቻችን ውስጥ ነርቮች የሚያልፉበት ቱቦ አለ። ዕድሜ ሲገፋ በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ ወደ ኋላ ይገፋል፣ ጅማቱም ይወፍራል፤ በዚህም ቱቦው ጠብቦ ነርቮቹን ይጫናል። ታማሚው ጥቂት ሲራመድ እግሩ ይዝላል፣ ይደነዝዛል፤ ሲቀመጥ ወይም ሲያጎነብስ ግን ይቀለዋል። በሶላት ላይ ቂያሙ ከብዶት ሩኩዑ የሚቀለው ሰው ካለ፣ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል።

ይህ ሕመም ያለበት ሁሉ ቀዶ ጥገና አያስፈልገውም። ብዙዎች በመድኃኒትና በአካል እንቅስቃሴ ሕክምና ይረዳሉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተ፣ በመቀመጫ አካባቢ ድንዛዜ ከመጣ ወይም እግር በድንገት ከሰነፈ ግን ጉዳዩ ለነገ አይባልም። የደቅ ደሴት ነዋሪ ቢሆን እንኳ በዚያው ቀን በተገኘው ጀልባ ወደ ባሕር ዳር መሻገር አለበት፤ የዘገየ ነርቭ ላይመለስ ይችላልና።

ባሕር ዳር ላይ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች አሉ። ቀዶ ጥገናው የት ይሠራ የሚለውን የሚወስነው መርማሪው ሐኪም ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ሊልክም ይችላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው።

ሐኪሙን ሳናፍር እንጠይቅ፦ ምን ይወገዳል? ምን ይሻለኛል? ብዙውን ጊዜ የሚቀለው የእግሩ ሕመም ነው፤ የወገብ ሕመም ግን ሊቀር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ያወቀ ቤተሰብ በኋላ አያዝንም።

የስኳርና የደም ግፊት ሕመም ያለበት አስቀድሞ ያስተካክል፤ ሲጋራ የሚያጨስም ያቁም። አስፕሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶችን፣ የባህል መድኃኒትንም ጭምር ለሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው፤ በራስ ውሳኔ ግን የታዘዘን መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። ከማደንዘዣው በፊት ጠጣር ምግብ ቢያንስ ለ6 ሰዓት፣ ውኃ ደግሞ ቢያንስ ለ2 ሰዓት ይቆማል፤ ሆስፒታሉ ከዚህ የረዘመ ካዘዘ ትእዛዙ ይከበር።

ከሐይቁ ማዶ ለሚመጣ ቤተሰብ የመመለሻው ዝግጅት ከመሄጃው ይበልጣል። ከሆስፒታል እንደወጡ በቀጥታ ጀልባ ላይ መውጣት አያዋጣም፤ የሐይቁ ሞገድ ያናውጣል፣ ከጀልባ ወደ መሬት መዝለልም ለቁስሉ አይበጅም። ስለዚህ ቁስሉ እስኪታይ ባሕር ዳር ከዘመድ ቤት ማረፍ ይመረጣል። የመጓዣውን ቀን ከሐኪሙ ጋር እንወስን።

ቤት ውስጥ ከፍ ያለ አልጋና መያዣ ያለው ጠንካራ ወንበር ይዘጋጅ። ቁጢጥ ብለው የሚቀመጡበት መጸዳጃ ስለሚያስቸግር መሐሉ የተቀደደ ወንበር መሥራት ይቻላል። ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ሕፃን ማዘል ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ የሌላው የቤተሰብ አባል ሥራ ይሁን። ይህ በተለይ እናት ስትታመም ይረሳል! ቀስ ብሎ መራመድ ግን ይበረታታል።

ሶላትን በተመለከተ ቆሞ መስገድ ያልቻለ ተቀምጦ፣ ያም ካቃተው በጎኑ ተጋድሞ ይሰግዳል። ረመዷን ቢገባም ለሕመምተኛ ማፍጠር ተፈቅዷል፤ ሲድን ቀዷውን ያወጣል። ዚያራ ለሚመጣ ወዳጅም አደራ አለን፦ እጁን ይታጠብ፣ ቁስሉን አይንካ፣ አያስረዝም።

አላህ ሕሙማኖቻችንን ሁሉ ይፈውስልን። ለከርሞው ወር በሰላም ያገናኘን።