ስለ ጭብጡ ከመጠየቃችን በፊት

የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስለ ሥነ ጽሑፍ ምን ታውቃለህ ቢባል ብዙ ጊዜ የሚመልሰው በቃሉ ያጠናውን ነው፤ መቼት ታሪኩ የተፈጸመበት ጊዜና ቦታ ነው፣ ገጸ ባሕርይ በታሪኩ ውስጥ የሚሳተፍ ሰው ነው፣ ጭብጥ ደግሞ የታሪኩ ዋና ሐሳብ ነው ይላል። መልሱ ትክክል ነው፣ ማርክም ያሰጣል። ይኸው ልጅ ግን አንድ ልብ ወለድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያነብ፣ ሲነበብም ሳይሰማ ስምንተኛ ክፍልን ሊጨርስ ይችላል። የትምህርቱ አሠራር ለዚህ ያመቻል፤ አጭር ቅንጭብ ይቀርባል፣ ከሥሩ የቃላት ፍቺና የአንብቦ መረዳት ጥያቄ ይከተላል፣ ታሪኩ መጣፈጥ ሲጀምር ደወል ይደወላል፣ በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ትምህርቱ ወደ ሰዋስው ይዞራል። ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ዕድሜ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት መነሻው ሙሉ ታሪክ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ። መምህሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብብ፣ ልጆቹ ይስሙ፣ ይከራከሩበት፤ ስያሜውና ትንተናው ከዚያ ይምጣ። ይህን የአዲስ አበባው ጉለሌ ክፍለ ከተማ ትምህርት ቤቶች፣ ከሽሮ ሜዳ እስከ አዲሱ ገበያ፣ አዲስ በጀት ሳይጠብቁ ሊጀምሩት ይችላሉ።

ሐሳቡ ለአገሩ እንግዳ አይደለም። ኢትዮጵያ በዚህ ዕድሜ ላሉ ልጆች ግጥም ስታስተምር ኖራለች። ቅኔ ቤት የሚገባው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ገና ጢሙ ያልበቀለ ነው። ግስና ርባታ ያጠናል፣ ይህም አድካሚ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሆኖም ሕጉን ሁሉ ጨርሶ እስኪያውቅ ድረስ ከቅኔው ደጅ ቁም አይባልም። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል፣ ወደ ዘአምላኪየ ይሻገራል፣ ሲበረታ መወድስ ይደርሳል። መምህሩ ቅኔ ይዘርፋል፣ ሰምና ወርቁን ይፈታል፤ ተማሪውም ጥጉን ይዞ የራሱን ይቆጥርና ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረምለታል። ሲሳካለት «ይበል!» መባልን የመሰለ ደስታ የለም። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ስያሜውን የሚማረው ነገሩን በጆሮው እየሰማና በአፉ እየሞከረ ነው። የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ያለፉ ሰው ናቸው፤ በልብ ወለዱ የፈጠሩት በዛብህም በቅኔ የበሰለ ወጣት ነው። ቅኔ ቤት ሴቶች ልጆችን በአብዛኛው ያገለለ፣ አለንጋም የማይጠፋበት ስለነበር እንዳለ ይመለስ አልልም። ለልጆች ጆሮና ምላስ የሰጠውን ክብር ግን ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሳያስፈልገው የጣለው ይመስለኛል።

ሁለተኛው ማስረጃ ራሱ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ከ500 ገጽ በላይ ነበር፤ ያን ያህል ገጽ በገዛ ፈቃዱ የሚጀምር ታዳጊ ጥቂት ነው። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም፣ የቤት ሥራቸውን ያልጨረሱ ልጆችም ሬዲዮኑን ከበው ሰምተውታል። ፊታውራሪ መሸሻን፣ ጉዱ ካሣንና ሰብለ ወንጌልን በድምፅ የተዋወቀው ሕዝብ መጽሐፉን ካነበበው ሳይበልጥ አይቀርም። ትረካው ንባብን ያስቀረ የሚመስለው ካለ፣ መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ መታተሙን ያስብ። የባላባት ሥርዓት እንዴት ሰውን እንደሚያጎብጥ ለመረዳት ያ አድማጭ አስቀድሞ «ጭብጥ» የሚለውን ቃል ማጥናት አላስፈለገውም። ለሰብለ አዝኖ፣ በፊታውራሪው ተናድዶ፣ በጉዱ ካሣ ነገር ከጎረቤቱ ጋር ተሟግቶ ጭብጡ ላይ ደርሷል።

ከውጭ ደግሞ አንድ ጥናት ልጥቀስ። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 የአሥራ አምስት ዓመት ልጆችን የንባብ ችሎታ በብዙ አገሮች ለክቶ ነበር። ወላጆቻቸው ዝቅተኛ በሚባል የሥራ ደረጃ ላይ ያሉ፣ ነገር ግን ንባብን አጥብቀው የሚወዱ ልጆች በአማካይ 540 ነጥብ አገኙ። የባለ ከፍተኛ ሥራ ወላጆች ልጆች ሆነው ከንባብ የራቁት 491 ላይ ቀሩ፤ አማካዩ 500 ነበር። እርግጥ ልጁ ጎበዝ ስለሆነ ይሆናል ንባብ የሚወደው ማለት ይቻላል፤ ቁጥሩ ብቻውን የትኛው ከየትኛው እንደሚቀድም አይነግረንም። ሆኖም የወላጅ ኑሮ የልጁን ዕጣ ብቻውን እንደማይወስን ያሳያል። ከትምህርት መልስ ሸማኔ አባቱን የሚያግዝ የሽሮ ሜዳ ልጅ፣ ሸክላ ለምትሠራ እናቷ የምትላላክ የቀጨኔ ልጅ ባሉበት ክፍለ ከተማ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የወላጆቻቸውን ገቢ ትምህርት ቤቱ መለወጥ አይችልም፤ ታሪክ ማስወደድ ግን ይችላል።

ከሚነሱት ተቃውሞዎች ክብደት ያለው የፈተናው ነው። በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። ፈተናው አማርኛን አይጨምርም፤ በአዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ አብዛኛው ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው። ታዲያ በዚህ ጭንቀት መሐል ልብ ወለድ ማንበብ ቅንጦት አይሆንም ወይ? የወላጆች ስጋት ተገቢ ነው። ነገር ግን የታሪክም የባዮሎጂም ጥያቄ የሚመለሰው ረጅም ዓረፍተ ነገር ሳይታክቱ እስከ መጨረሻው በመከተል፣ «ለምን?» ብሎ ወደ ኋላ በመመለስ ነው። ይህን ትዕግሥት ልጅ በሚገባው ቋንቋ፣ መጨረሻውን ለማወቅ በሚጓጓለት ታሪክ ካልተለማመደው፣ ገና በሚታገለው ቋንቋ በተጻፈ ደረቅ ምንባብ ይለማመደዋል ማለት ከባድ ነው። የምጠይቀውም በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው።

መጽሐፍ ውድ ነው ለሚለው፣ ድምፅ አውጥቶ ለማንበብ ለአንድ ክፍል አንድ ቅጂ ይበቃል። በየትምህርት ቤቱ ያለው ሚኒ ሚዲያም ከማስታወቂያና ከአጫጭር ግጥሞች አልፎ በዕረፍት ሰዓት ልብ ወለድ በተከታታይ ሊያቀርብ ይችላል፤ ተራኪዎቹ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። ታሪኩ የያዘው ልጅ ከሽሮ ሜዳ በታክሲ ወርዶ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ሲገባ ከደብተሩ ሌላ የሚፈልገው ነገር ይኖረዋል። ስለ ፍቅር የሚያወሩ መጻሕፍት ለልጆች አይሆኑም የሚሉም አሉ። ልጆቹ ስለ ፍቅር በስልካቸው ከሚያዩት ይልቅ በዛብህና ሰብለ ወንጌል የከፈሉትን ዋጋ ከመምህራቸው ጋር ሆነው ቢመዝኑ ለእነሱም ለወላጆቻቸውም የሚሻል ይመስለኛል።

በቀላሉ የማላልፈው ሌላ ጥያቄ የቋንቋ ነው። በሽሮ ሜዳ ብዙ ቤት የሚነገረው ጋሞኛ ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ ኦሮምኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ ልጆችም አሉ። የንባቡ ሰዓት አማርኛን ብቻ ካወቀ ለእነዚህ ልጆች ሌላ ፈተና ይሆናል። ስለዚህ ልጆቹ ከአያቶቻቸው የሰሙትን ተረት አምጥተው በራሳቸው ቋንቋ ይንገሩ፣ ለጓደኞቻቸውም በአማርኛ ይመልሱት። መምህሩ ስለ ገጸ ባሕርይና ስለ መቼት የሚያስረዳበት ምሳሌ ያኔ ከልጆቹ አፍ ይመጣለታል።

የቀረው መምህሩ ነው። በየሳምንቱ ዕቅድ የሚያስገባ፣ በተከታታይ ምዘና ማርክ የሚሞላ፣ ምዕራፍ ሸፍነሃል ወይ እየተባለ የሚጠየቅ መምህር «ልጆቹ ዛሬ ታሪክ ሰሙ» ብሎ ሪፖርት ለመጻፍ ይፈራል። የክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ለአንድ ወሰነ ትምህርት፣ በሰባተኛና በስምንተኛ ክፍል፣ አንዷን የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ከማርክ ነጻ ያድርጋት። መጽሐፉን መምህሩና ተማሪዎቹ ተመካክረው ይምረጡ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ክፍሉ ከሰለቸው ትተው ሌላ ይጀምሩ። ጽሕፈት ቤቱም በወሰነ ትምህርቱ ማብቂያ ከልጆቹ መካከል መጽሐፉን ወደ ቤት ወስዶ ለመጨረስ የጠየቀ ስንት እንደሆነ መምህራኑን ይጠይቅ።